በርሜሏን የደበቀችው ጎረቤቴ

ድሬዳዋ ውስጥ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለዕድርና ለአፎቻ (እንደ ዕድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር) ተወካዮች እንዲሁም ለሰፈር ወጣቶች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ሙቀት ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ወሬዬን ከአንድ በርሜል ልጀምር።

ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ነው። እዚህ ያላችሁ ሁሉ ታስታውሱታላችሁ። ጠዋት ደህና ሆኖ የወጣ ሰው ከሰዓት ግድግዳ ተደግፎ ይመለስ ነበር። መጀመሪያ ትኩሳት፣ ቀጥሎ ራስ ምታት፣ ከዚያ መገጣጠሚያ። ለወራት ጣቱን ማጠፍ ያቃተው ሰው አውቃለሁ። በሽታው ቺኩንጉኒያ ይባላል። ስሙ የመጣው ከማኮንዴ ሕዝብ ቋንቋ ነው፤ "የሚያጎብጥ" እንደማለት ነው። በእኛ ከተማ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አጎበጠ። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። በዚያ ሰሞን መጋላ ካለው መድኃኒት ቤታችን ፊት የቆመው ሰልፍ እስከ መንገዱ ጥግ ይደርስ ነበር።

በሽታውን የምታስተላልፈው ኤደስ የምትባል ትንኝ ናት። የምትናከሰው ቀን ላይ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ረግቶ የቆመ ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። ድሬ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ቆሞ የሚገኘው የት ነው? በየቤታችን ነዋ። በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በሮቶ። ቧንቧ በስንት ቀን አንዴ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ውሃ ባያጠራቅም ምን ሊጠጣ ነው?

ዘመቻ ወጣ። ልጆች በየግቢው እየገቡ የቆመውን ውሃ አስደፉ። ጎረቤቴ በርሜሏን የሞላችው ከሁለት ቀን በፊት ነበር፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ፣ ጠብ ጠብ የሚለውን ውሃ በጣሳ እየቀዳች። ዓይኗ እያየ ደፉባት። በሚቀጥለው ዙር ሲመጡ ግቢው ውስጥ በርሜል አልነበረም። ልጆቹ በመዝገባቸው "ንጹሕ" ብለው ጽፈው ሄዱ።

በርሜሉ መኝታ ቤት ነበር። አልጋው ራስጌ አቁማ አሮጌ ጋቢ ጣል አድርጋበታለች። "ምን ነካሽ?" አልኳት። ድሬ ውስጥ አንቱ ብሎ ነገር ብዙም የለም። እናቴ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ ግን አንተ አንቺ ነው የምንባባለው። "አቦ፣ አንተ ደግሞ!" አለችኝ። "ትንኟ ትንከሰኝ። ልጆቼ ውሃ ጠምቷቸው ማየት አልችልም።"

ይህን ነገር ስንት ዓመት ሙሉ በሐሳቤ አመላልሼዋለሁ። ዘመቻው ትንኟን ሊያጠፋ መጣ። ከግቢ አስነስቶ መኝታ ቤት አስገባት።

ደግሞ መድፋቱ ብቻውን አይበቃም ነበር። ኤደስ እንቁላሏን የምታጣብቀው ከውሃው ከፍ ብሎ በዕቃው ግድግዳ ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል። ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል ተነስታ የምትበር ትንኝ እስክትሆን አንድ ሳምንት ወይም ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ዋናው ነገር በሳምንት አንዴ ግድግዳውን መፈግፈግና በደንብ የሚገጥም ክዳን መክደን ነው። ለጎረቤቴ ይህ ቢነገራት ኖሮ ውሃውን በሌላ ዕቃ ገልብጣ፣ በርሜሉን ፈግፍጋ፣ መልሳ ትሞላው ነበር። አንዲት ጠብታ አታባክንም። የተነገራት ግን አንድ ቃል ነው፤ "ድፊ"።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ የሚወጣ ደንብ በሽታውን ከመከላከሉ ጎን ለጎን ሰውን አንድ ነገር ያስተምራል። የሰውን ችግር ሳይጠይቅ የወጣ ከሆነ የሚያስተምረው መደበቅን ነው። በሽታው ያልፋል፤ አዋጁም ያልቃል። መደበቅን የተማረ ሰፈር ግን ትምህርቱን አይረሳም።

ሰባት ወር ሳይሞላ ይህንን በዓይናችን አየን።

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ። መጋቢት 7 ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። ቀጥሎ የየብስ ድንበሮች ተዘጉ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ቁጥሩ 3/2012፣ ዕድሜው አምስት ወር። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መጨባበጥ ተከለከለ። የሕዝብ ትራንስፖርት በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። እስረኛ መጠየቅ ቀረ። የጣሰ ሰው እስከ 3 ዓመት ሊታሰር ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር ሊቀጣ ይችላል ተባለ።

እኔ ያን ጊዜ ደጋፊ ነበርኩ። ዛሬም ብዙውን እደግፈዋለሁ። ጣሊያን ምን እንደሆነች አይተናል። ኦክስጅን በሌለበት ሀገር ሐኪም በባዶ እጁ ታማሚ ፊት ሲቆም ማሰብ ያስፈራኝ ነበር። በአዋጁ ማስፈጸሚያ ውስጥም መልካም ነገር ነበር። አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሏል። አሠሪ ሠራተኛ እንዳያባርር ተከልክሏል። ታዲያ ከባንኮኒው ማዶ የሚቆመውን ሰው ስጠይቅ ማስኩን ያውቃል፣ መጨባበጡን ያውቃል፣ ቅጣቱን ያውቃል። ስለ ኪራዩ የሰማ ግን አላጋጠመኝም። የሚከለክለው ክፍል በሜጋፎን በየሰፈሩ ተለፈፈ። የሚጠብቀው ክፍል ወረቀት ላይ ቀረ።

መድኃኒት ቤት ቆሞ የሚውል ሰው መደበቅን ቶሎ ያያል። አንድ ጠዋት አንድ ደንበኛዬ ፓራሲታሞል ገዛ። ሁለት ፍሬ እዚያው ዋጠ። ሰዓቱን አየና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። "ምን እየጠበቅህ ነው?" አልኩት። ቢሮው በር ላይ ሙቀት ይለካሉ። ትኩሳቱ እስኪወርድለት ነው። አንድ ቀን ከቀረ ደመወዝ የለም፤ ትኩሳት አለው ከተባለ ደግሞ ወደ ማቆያ ይወስዱታል ብሎ ፈርቷል። ከዚያ በኋላ እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች አየሁ። ሳል ያለበት ሰው ወደ እኛ መምጣት አቆመ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስድስት ወር ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። የሚያስል ሰው አደባባይ መውጣት ሲፈራ ማን ተመርምሮ፣ ማን ጨርሶ ይወስዳል?

የጅቡቲ መንገድ ላይ ነን እኛ። የሀገሪቱ ዕቃ አብዛኛው በዚያ ወደብ ነው የሚገባው። ያንን ዕቃ የሚያመጣው ሹፌር ነው። በዚያ ሰሞን ሹፌር ምግብ ቤት ሲገባ ሰው ወንበሩን ይዞ ይሸሽ ነበር። ሹፌሮቹ ሲጠየቁ "ከአዳማ ነው የመጣሁት" ማለት ጀመሩ። ከስደት የተመለሱት ልጆች ነገር ደግሞ የባሰ ነው። የአንዱን እናት አውቃታለሁ። ልጇ ማቆያ ገብቶ 14 ቀኑን ጨርሶ፣ ተመርምሮ ነጻ ነህ ተብሎ ነው የመጣው። ጎረቤት ቡና መጥራቷን ተወች። ውሃ ስትቀዳ አብሯት የሚሰለፍ ጠፋ። በሦስተኛው ሌሊት ልጁን ይዛ ገጠር ዘመድ ቤት ሄደች። በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ተርፎ የመጣ ልጅ በገዛ ሰፈሩ በሌሊት ወጣ። ይህንን ያደረግነው እኛ ነን፤ መንግሥት አይደለም። ግን በየቀኑ በቴሌቪዥን የታማሚው ቁጥር "ከውጭ ሀገር የጉዞ ታሪክ ያለው" እየተባለ ሲነበብ ጣታችን ወዴት እንደሚቀሰር ማን አሰበበት?

የትምህርት ቤቱ ነገርም አለ። በመላ ሀገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት ነበር፤ ቤቱ ቴሌቪዥን ላለው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ትምህርቱ ብቻ አይደለም። ትምህርት ቤት ልጅ የሚታይበት ቦታ ነው። የተመታችን፣ የተራበችን፣ ልትዳር የታሰበችን ልጅ መጀመሪያ የሚያያት አስተማሪ ነው። በሩ ሲዘጋ ልጅቷ ከዓይን ተሰወረች። ያን ጊዜ ቀፊራ ጉሊት ላይ ሽንኩርት ሲሸጡ ካየኋቸው ልጆች ሁሉም ወደ ክፍላቸው አልተመለሱም።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ከሐረር ወደ ባቢሌ ሲኬድ ቢሲዲሞ አለ። በ1950 ዓ.ም. ግድም በጀርመኖች እርዳታ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመ ሆስፒታል ነው። ብዙ ሰው አድኗል። ሥጋ ደዌ እንደሚወራው በቀላሉ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በተቀናጀ መድኃኒት ይድናል። ይሁንና በመላው ዓለም ለብዙ ዘመን ደንቡ "ታማሚውን ከሰው ለዩት" የሚል ነበር። ያ ደንብ ቀርቷል። ፍርሃቱ ግን ዛሬም አለ። ቆዳው ላይ ስሜት የሌለው ነጭ ምልክት ያየ ሰው አሁንም በእጅጌው ይሸፍነዋል። ሲመጣ ጣቱ ደንዝዟል። ገና ምልክቱን ሲያይ ቢመጣ በኪኒን የሚድን ሰው ነው።

ኤች አይ ቪ ላይም ያው ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የምታስታውሱ ካላችሁ፣ የሚያስፈራ ሥዕል ነበር የሚለጠፈው። ሐሳቡ ሰው ፈርቶ እንዲጠነቀቅ ነበር። ሰው ፈራ፤ መመርመርን ፈራ። በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ያንን ፍርሃት ለመፍታት ስንት የምክር ሠራተኛ፣ ስንት ራሱን አደባባይ ያወጣ ደፋር ሰው አስፈለገ። ዛሬም መድኃኒቱን በሌላ ብልቃጥ ገልብጬ እንድሰጠው የሚለምነኝ ሰው አለ።

አንድ የሩቅ ታሪክ ልጨምር፤ ከሕንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 መጨረሻ ፑኔ የምትባል ከተማ ቸነፈር ገባ። በ1897 የእንግሊዝ ቅኝ ገዢ ወታደር አሰማራ። ወታደሮቹ ቤት ለቤት እየገቡ ታማሚ ይፈልጋሉ፣ ዕቃ ያቃጥላሉ፣ ሴቶችን ይፈትሻሉ። ሰው ታማሚውን መደበቅ ጀመረ። በሰኔ ወር የቸነፈር ኮሚሽነሩን ራንድን ወንድማማቾች ተኩሰው ገደሉት። በጤና ስም የተጀመረ ነገር የፖለቲካ ደም ሆነ። በዚያው ዓመት የወጣው የወረርሽኝ ሕግ ደግሞ አልተሻረም። ሕንድ ለኮሮና ስትዘጋ ከመዘዘቻቸው ሕጎች አንዱ ያው የ1897ቱ ሕግ ነው። 123 ዓመት! ለአንድ ወረርሽኝ ተብሎ በጥድፊያ የሚጻፍ ደንብ ስንት ትውልድ ላይ እንደሚቆም አስቡት።

መደበቅ የሕዝብ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። መንግሥትም ይደብቃል። "አተት" የሚለውን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት። ለዓመታት ኮሌራ በስሙ አይጠራም ነበር። ንግድና ቱሪዝም ይጎዳል ተብሎ ይፈራ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን በስሙ ተጠራ፤ ኮሌራ ነው ተባለ። እኔ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ስሙን የደበቀ ባለሥልጣን ዞሮ ጎረቤቴን "በርሜልሽን አትደብቂ" ለማለት ምን አፍ አለው?

ወደ ፖለቲካው ልምጣ። ከባዱ ይህ ነው።

"የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ" የሚለውን ቃል ድሬ የሰማችው ኮሮና ጊዜ አይደለም። በመስከረም 2009 መጨረሻ ሰምተነዋል። በየካቲት 2010 ሰምተነዋል። ሁለቱም ከተቃውሞና ከእስር ጋር ነው የመጡት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 የሕዝብን ጤና የሚያሰጋ በሽታንም ለዚህ አዋጅ ምክንያት አድርጎ አስቀምጧል። ስለዚህ በሕግ በኩል ክፍተት የለም። ግን ቃሉን አንድ እናት ስትሰማ ምን ትዝ ይላታል? በሌሊት የተወሰደ ልጇ። ለበሽታም ለተቃውሞም ያው አንድ ቃል፣ ያው አንድ ዩኒፎርም። በር ሲንኳኳ ማን እንደመጣ በምን ትለየዋለች?

ከዚያ የምርጫው ነገር አለ። ስድስተኛው ምርጫ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊካሄድ ተቆርጦ ነበር። ምርጫ ቦርድ መጋቢት 22 ላይ በወረርሽኙ ምክንያት አልችልም አለ። እውነት ነው፤ መራጭ መመዝገብ፣ አስፈጻሚ ማሠልጠን ሰው መሰብሰብ ነው። ጥያቄው ቀጥሎ መጣ። የምክር ቤቱ ዘመን ሲያልቅ ማን ያስተዳድራል? ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ቀጥተኛ መልስ አልነበረውም። አራት አማራጭ ቀረበ፤ የተመረጠው የሕገ መንግሥት ትርጉም ነው። የሕግ ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ አየን። ያንን ክርክር ሳይ እኔ በግሌ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ በግልጽ የተደረገ ነገር ነበርና። ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት ወረርሽኙ ስጋት መሆኑ ሲያበቃ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ምርጫ ይደረግ፣ እስከዚያ ሥልጣን ላይ ያሉት ይቀጥሉ ብሎ ወሰነ።

አንዱ ወገን "በሽታ ነው" አለ። ሌላው "ሰበብ ነው" አለ። ትግራይ ጳጉሜን 4 የራሷን ምርጫ አደረገች። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ጦርነት ውስጥ ነበርን። ጦርነቱን ኮሮና አመጣው አልልም። ሥሩ ሌላ ነው፤ ጥልቅ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያልተማመኑ ሰዎች መካከል የጤና ውሳኔ ሲገባ የጤና ውሳኔ ሆኖ አይቆይም። ጀርባው ምን አለ ተብሎ ይፈተሻል። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫው ተካሄደ። ጎረቤታችን ሐረሪ ደግሞ እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ጠበቀች፤ ለእሱ ሌላ ምክንያት ነበረው። ግን አንድ ጊዜ የዘገየ ነገር ሌላ ጊዜ ሲዘገይ የሚደነቅ ሰው አይኖርም።

ታዲያ ምን እናድርግ ትሉኛላችሁ። እኔ ሕግ አውጪ አይደለሁም። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ግንቦት 2012 ላይ ሰፈራችን አንድ አባት ሞቱ። ዕድራችን ድንኳን መትከል አይችልም። አዋጅ አለ። ድሬ ውስጥ ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንዳንዶች "ማታ ማታ ተደብቀን እንሰብሰብ" አሉ። የዕድራችን ዳኛ ግን ቀበሌ ሄዶ ተነጋገረ። ሲመለስ እንዲህ ተባለ። ግቢው ውስጥ፣ በሰፊ ቦታ፣ አራት አራት ሰው በፈረቃ። አንዱ አራት ሲወጣ ሌላው አራት ይገባል። በር ላይ ውሃና ሳሙና። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ያ ፈረቃ አልተቋረጠም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጣ። ደንቡ አልተጣሰም። የሟች ሚስትም ብቻዋን አላለቀሰችም። የተደበቀ ነገር አልነበረም። ይህን መላ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ሊያወጣው አይችልም ነበር። እዚህ ያላችሁ የዕድርና የአፎቻ ሰዎች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ደንብ ሲረቀቅ ጠሩንም አልጠሩንም አትበሉ። ሂዱና አንኳኩ።

ጤና ኤክስቴንሽን ያላችሁ እህቶቼ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከፖሊስ ጋር ቤት አትግቡ። ታዘዙም እንኳ "እኔ ነገ ብቻዬን እመለሳለሁ" በሉ። ያ ቤት ከዚያ በኋላ ሕፃኑ ሲያተኩሰው የሚጠራው እናንተን ነው። ወጣቶቹን ደግሞ፣ አዋጅ ሲወጣ የሚያልቅበትን ቀን ፈልጉ፤ ከሌለ ጠይቁ። አንቀጽ 93 መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ የቦርዱ ሥራ ነው። ያንን ዝርዝር መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሲጠየቅ ነው ሥራ የሚሆነው።

ጎረቤቴን ልጨርስላችሁ።

በ2014 ድሬ ውስጥ በበጋ ወባ ተነሳ። በበጋ! ሰው ግራ ገባው። የመጣችው አዲስ ትንኝ ናት፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ። መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቀብሪደሃር ተገኘች፤ ከዚያ እኛ ጋ። ረግረግ አትፈልግም። ከተማ ውስጥ በሰው እጅ የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል። እንደገና በርሜል ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን የሰፈራችን ልጆች ቤት ለቤት ወጡ። እኔም አብሬ ሄድኩ። በሯን አንኳኳን። ከፍታ ቆመች። ከኋላዬ ያሉትን ልጆች አየች። ባልዲ ፈለገች በዓይኗ፤ የሚደፋ ነገር ይዘው እንደሆነ። ልጆቹ የያዙት በሰፈሩ መዋጮ ብየዳ ቤት የተሠራ የቆርቆሮ ክዳንና የመፈግፈጊያ ብሩሽ ነበር።

"አትደፉም?" አለች።

"አንደፋም" አልኳት።

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቱ ዞረችና "ግቡ፣ እዚያ ናት" አለችን። በርሜሏ አሁንም ከአልጋው ራስጌ ነበረች። ከነጋቢዋ፣ ልክ በ2011 እንዳየኋት።